አባቴ የሚተረጉመው ስም

አባቴ ዛሬ ዮሐንስ የሚለውን ስም ከነዘር ማንዘሩ ያውቀዋል። አሰላ ውስጥ ጎረቤት ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ፣ ስሙ ወደዚያ የተጠጋ እንደሆነ፣ አባቴን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ሳያስተረጉም ምሳ የሚያቀርብ የለም። ነጭ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ይጀምራል። ስሙ የዕብራይስጥ ነው ይላል። ዕብራውያን ዮሐናን ይሉታል፤ መነሻው የእግዚአብሔር ስም ነው፣ ቀሪው ራራ፣ ጸጋ ሰጠ ማለት ነው። ወንጌሉን የጻፈው ሰው በግሪክ ቋንቋ ስለ ጻፈ ዮአኒስ አለው። ግሪኮች ሐመሩን ሐ መጥራት ስለማይሆንላቸው መካከሉን ዋጡት፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የራሳቸውን ጅራት ቀጠሉለት። የእኛ አባቶች ወደ ግዕዝ ሲያመጡት የተዋጠውን ሐ መለሱለት፣ ጅራቱን ግን ተዉለት። እንግዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "ወይ መማር!" ይላሉ።

ከዚያ ደግሞ ወደ ሽማግሌው ካህን ወደ ዘካርያስና ወደ ሚስቱ ወደ ኤልሳቤጥ ይሻገራል። የእሱ ስም እግዚአብሔር አሰበ ማለት ነው፣ የእሷ አምላኬ መሐላዬ ነው ማለት ነው ይላል። ልጁ ሲወለድ ሽማግሌው ባመሰገነው ምስጋና ውስጥ ምሕረት ማድረጉም፣ ኪዳኑን ማሰቡም፣ መሐላውም ተከታትለው ይመጣሉ፤ የሦስቱም ስም ትርጉም ማለት ነው። በግሪኩ የሚያነብ ሰው ይህን አያየውም፤ ዕብራይስጡን የሚያውቅ ጆሮ ብቻ ነው የሚሰማው። ይህን ሲል ድምፁ ይንቀጠቀጣል። አንዳንዴ ዓይኑ እንባ ያቀራል።

የሚለው ሁሉ ትክክል ነው። ቆይቼ መጻሕፍት አገላብጬ አይቻለሁ፣ አንድም የሚታረም የለበትም። ደሜን የሚያፈላው ትክክል መሆኑ ነው። ከታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይዘላል። ያ ሽማግሌ ካህን ልጁ ተወልዶ ስም እስኪወጣለት ድረስ ድዳ ነበር። ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ እናቲቱን "ከዘመዶችሽ በዚህ ስም የሚጠራ የለም" ብሎ ሲከራከራት፣ መጻፊያ ለምኖ፣ ስሙ ዮሐንስ ነው ብሎ ጻፈ፤ አንደበቱም ተፈታ። አባቴ ስለዚህ ትንፍሽ አይልም። ስለ ድዳው ሳያወራ ምስጋናው ውስጥ ዘሎ ይገባል።

ሰው ፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ግን እሱ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ ደስ ያላለው አያንብበው።

ወንድሜ የተወለደው በእንቁጣጣሽ ዕለት ነው፣ ያኔ ንጉሡ ከዙፋናቸው በወረዱበት ሳምንት። እናቴ በእኔና በእሱ መካከል ሁለት ልጆች ቀብራለች። ሰው "እንግዲህ በቃት" ማለት ጀምሮ ነበር፤ የአባቴ እኅቶችማ በግልጽ ይሉት ነበር። ስለዚህ በቅዱስ ዮሐንስ ቀን ወንድ ልጅ ስትታቀፍ ስሙ ምን ይሁን ብሎ የሚጠይቅ ያለ አልመሰላትም። እኔም አልመሰለኝም፤ አሥር ዓመቴ ነበር። የአራስ ቤቱ መጋረጃ ሥር ቁጭ ብዬ ዮሐንስ፣ ዮሐንስ እያልኩ እለማመደው ነበር።

አባቴ ያን ጊዜ የእርሻ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። በሳምንቱ የቢሮ ጓደኞቹ እንኳን ማርያም ማረቻት ሊሉ መጡ። ከተማው በሰልፍና በመፈክር ይናጥ ነበር፣ እነሱም ትኩስ ትኩስ ወሬ እየተቀባበሉ ገንፎውን በሉ። አንደኛው "ልጁን ማን አላችሁት?" አለ። እናቴ ከመጋረጃው ውስጥ ሆና "ዮሐንስ" አለች። ሰውየው ሳቅ አለና "አይ፣ ቄሱን አያቱን ደስ ይበላቸው ተብሎ ነው?" አለ። ያች ነገር አባቴ ልብ ውስጥ ገባች። የእናቴ አባት ከሁሩታ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ፤ ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ መሬትም ነበራቸው። በዚያ ሰሞን ደግሞ የባለ መሬት አማች መባል ጥሩ አልነበረም።

አባቴ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ ሌላ ስም ተናገረ። ያንን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ ያን ጊዜ በየግድግዳው በቀይ ቀለም ከሚጻፉት ቃላት አንዱ ነበር፣ እስኪበቃን አንብበነዋል። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ልብ በሉልኝ፤ ቀበሌ ገና አልተቋቋመም፣ ካድሬ የሚባል አልመጣም፣ ማንም በማንም ላይ ሽጉጥ አልደገነም። ያስገደደው አልነበረም፤ ከሁሉ ቀድሞ ነው የፈራው። ወይም ከሁሉ ቀድሞ ነው የከጀለው። ሁለቱን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

በአርባ ቀኑ እናቴ ወንድሜን ይዛ ሁሩታ ሄደች። አባቴ ሥራ አለብኝ ብሎ ቀረ። እኔና ጎረቤታችን አብረናት ሄድን። ጎረቤታችን የአርሲ ኦሮሞ ናት፣ እስላም፤ ባሏ አዳማ መንገድ ዳር የጎሚስታ ቤት ነበረው። ከእናቴ ጋር አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው፣ እሱንም ለመጠራሪያ እንጂ ለሌላ አያውቁትም። እናቴ ገና ስላልጠነከረች፣ "አውቶቡሱ ሲያንገጫግጫት ልጁን ማን ይይዝላታል" ብላ ነው የመጣችው።

አያቴ በደንቡ ወልደ ዮሐንስ ብለው አጠመቁት። እናቴ ወልደን ትታ ዮሐንስ አለችው። ጎረቤታችን ከቅጽሩ ውጭ ሆና የሕፃኑን ልብስ ይዛ ስትጠብቅ ነበር፤ ስንወጣ "ማን ተባለ?" አለች። ሲነገራት ጊዜ እጇን አጨበጨበች።

"እንዴ! ያህያ ነዋ!"

አያቴ ቆም አሉ። "ማነው እሱ ልጄ?"

"እኛ ያህያ ነው የምንለው አባ። ቁርዓን ላይ አለ። ዘከሪያ ሸምግሎ፣ ሚስቱም መሃን ሆና ረቢን ለመነ። ረቢ ያህያን ሰጠው። በፊት እንዲህ የተባለ ሰው የለም አለው። ምልክት ስጠኝ ሲለው ሦስት ቀን ሰው ማናገር አቃተው።"

አያቴ ትክ ብለው አዩዋት። "የእኛው እስኪወለድ ድረስ ነው ድዳ የሆነው" አሉ። "የናንተው ቶሎ ተፈታ።" ሁለቱም ሳቁ። ቤት ገብተን ገንፎ እየበላን አያቴ ታሪኩን ለእኔ ደገሙልኝ። ዮሐንስ ማለት ፍሥሐ ወሐሴት፣ ደስታና ተድላ ማለት ነው ብለው ነው ያስተማሩኝ፤ የእኛ ሊቃውንት የሚሉት እንደዚያ ነው። ዕብራይስጡ ራራ እንደሚል የተማርኩት አድጌ ነው። ለእናቴ ሁለቱም ያው ነበር። የሞቱትን ሁለቱን እያሰበች፣ "ራርቶልኝ ነው፣ ደስታዬ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?" ትል ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሜን በእውነተኛ ስሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምትጠራው ከመንደሩ ሁሉ ጎረቤታችን ብቻ ሆነች። "ያህያ!" ስትል ከአጥሩ ማዶ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። አባቴ ሰምቷል። የመሥሪያ ቤቱ ሰው አንድ ቀን "ማነው ያህያ?" ብሎ ሲጠይቀው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ "የጭቁን ሕዝቦች ወንድማማችነት ነው ጓድ" አለ። ያን ጊዜ ጓድ መባባል ተጀምሯል፣ አባቴም የቀበሌው ኮሚቴ ውስጥ ገብቷል። ጢማሞቹ የውጭ አገር ሰዎች ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሆነው ያዩናል፤ የሥላሴ ሥዕል ጓዳ ገብቷል።

እናቴ ግን አባቴ በሌለበት ሁሉ ዮሐንስ ነበር የምትለው። ከፍ አድርጋ አትጠራውም፤ ሰው እንዳይሰማ ሳይሆን ልምድ ሆኖባት ይመስለኛል። ወንድሜ አባቴ በዚያ በግድግዳ ስም ሲጠራው "እ?" ብሎ እየተጎተተ ነበር የሚመጣው። እናቴ ስትጠራው ጓሮም ይሁን ደጅ፣ ኳስ ሜዳው ጠርዝ ላይም ቢሆን፣ እንዴት እንደሚሰማት አላውቅም፣ "አቤት እማ!" ይላል። ወሬኛ ልጅ ነበር። ሰው መኮረጅ ይችልበታል፤ የጭላሎን ብርድ፣ የአቦምሳን ሙቀት የሚያማርሩ ሾፌሮችን እያስመሰለ ምሳ ላይ ያስቀን ነበር። አባቴን ሲኮርጅ አንገቱን ደፍቶ ጥፍሩን ያያል። እኔ በሳቅ እሞታለሁ፣ እናቴ ግን አትስቅም ነበር።

ቁመቱ ነው የጎዳው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ብዙ ሳይቆይ አባቴን በራስ በለጠው። ጦርነቱ ደግሞ ሰሜን ላይ ወጣቱን እየበላ፣ ሌላ አምጡ ይል ነበር። አፈሳው ሲጀመር እኔ መምህር ሆኜ እዚያው አሰላ አስተምር ነበር፤ የስምንተኛ ክፍሌ ወንበሮች በየሳምንቱ ባዶ እየሆኑ ሲሄዱ አያለሁ። እናቶች ልጆቻቸውን አርቦዬ ዘመድ ጋ፣ ገጠር አክስት ጋ ይሰዱ ነበር። እናቴም አያቴ ከሞቱ በኋላ ባዶውን ወደ ቀረው የሁሩታ ቤት ልትሰደው ልብሱን ቋጠረች። አባቴ "የኮሚቴ አባል ልጅ ከሸሸ እኔን ምን ይሉኛል?" ብሎ ከለከለ። "የእኔን ልጅ አይነኩም" ብሎም ቃል ገባላት። እሷም አመነችው፤ ባሏ ነው።

አንድ እሁድ የኮሚቴው ሰዎች እኛ ቤት ምሳ በሉ። የመጡት ለኮታው ነው፤ ከቀበሌያችን የሚፈለገው ወጣት አልሞላም። ወጥ የማቀርበው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል ሰምቻለሁ። ሊቀ መንበሩ አጥንት እየጋጠ፣ "ሕዝቡ የራሳችሁስ ልጆች የት አሉ ይላል። ከራሳችን ቤት አርአያ ቢወጣ ጥሩ ነው" አለ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረ። "ያንተ ልጅ መቼም ደርሷል፣ ቁመቱን አይተነዋል።"

እናቴ ከጓዳ ወጣች። መሶቡ አጠገብ ቆመች። "አልደረሰም" አለች። "አሥራ ስድስተኛውን ገና መያዙ ነው። ሕግ አለ አይደል? አሥራ ስምንት አይደለም እንዴ የሚለው?"

"ቁመቱ ሌላ ነው የሚለው እናቴ" አለ ሊቀ መንበሩ። "እስቲ አባቱ ይናገር። ጓድ፣ ምን ትላለህ?"

እናቴ ወደ አባቴ ዞረች። "በላቸው እንጂ" አለችው። "የተወለደበትን ቀን ታውቀው የለም? ዕድሜው አልደረሰም በል። ሌላ ምንም አትበል፣ እሷን ብቻ በል።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። ጥፍሩን አየ። የሥጋው መረቅ ጣቱ ላይ ደርቆ ነበር፣ እሱን መፋቅ ጀመረ። ሰዎቹ ጠበቁት፤ እውነቱን ለመናገር በቂ ጊዜ ሰጥተውታል። እኔ ሰሐን ይዤ ቆሜ፣ አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እላለሁ። አልተናገረም። ሊቀ መንበሩ "እንግዲህ ዝምታው ስምምነት ነው" አለና ወጥ ጨምሪልኝ ብሎ ሰሐኑን ወደ እኔ ገፋ።

እሱን ሰሐን ፊቱ ላይ አለመድፋቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ማክሰኞ ጧት ከኳስ ሜዳው በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ወንድሜ ከላይ ሆኖ እጁን እያወዛወዘ አንዱን ወታደር ሲኮርጅ አይቼዋለሁ፤ አጠገቡ ያሉት ልጆች ይስቁ ነበር። ጎረቤታችን በሶ በከረጢት ይዛ ከመኪናው ኋላ እየሮጠች "ያህያ ኮ! ልጄን! ያህያ ኮ!" ትላለች፤ ያህያዬ ማለቷ ነው። ከረጢቱን ወርውራ አቀበለችው። አባቴ ቢሮ ነበር።

ሲመጣ እናቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ለምን አለችው። "ብናገር እኔም እታሰር ነበር" አለ። ፍርሃት አላውቅም አልልም። በዚያ ዘመን ያልፈራ ሰው አልነበረም፤ እኔም ክፍል ውስጥ ያልሆነውን ሆነ እያልኩ አስተምሬያለሁ። ነገር ግን ከዚያው ኮሚቴ አንዱ፣ በዚያው ሳምንት፣ ስለ እኅቱ ልጅ "ይህ ልጅ አልደረሰም፣ እኔ አውቃለሁ" ብሎ አስቀርቶታል። አልታሰረም። ኩርፊያ አተረፈ፣ ከኮሚቴው ወጣ፣ በቃ። ያ የእኅቱ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ገበያ ላይ ሳየው ሰላም እለዋለሁ፣ ከዚያ መንገድ እስክለውጥ እቸኩላለሁ።

መርዶው የመጣው ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። ጎህ ሲቀድ በሩ ሲንኳኳ እናቴ ሳይነግሯት አወቀች። አስከሬን የለም፤ የመጣው ወሬ ብቻ ነው። ድንኳን ተተከለ። የትምህርት ቤት ሸሚዙን አልጋ ላይ ዘርግተን አለቀስንለት። የኮሚቴው ሰዎችም መጡ፣ ያው ሊቀ መንበር ቆሞ ንግግር አደረገ። ወንድሜን በግድግዳው ስም እየጠራ፣ ስሙ ከመቃብር በላይ ነው አለ። መቃብር እንኳ እንደሌለው ረስቶታል። እናቴ መሬት ቁጭ ብላ እንደ እንግዳ ታየው ነበር፣ ስለ ማን እንደሚያወራ ያልገባት ትመስላለች።

በመካከሉ ጎረቤታችን ከነባሏ ገባች። ሻሿን ወገቧ ላይ አስራ፣ ደረቷን እየመታች፣ "ያህያ ኮ! ኢልመ ኮ! ልጄን! ያህያ ኮ!" እያለች ድንኳኑን አናወጠችው። ንግግሩ ተቋረጠ። ሰው እርስ በርሱ "ያህያ ማነው?" ይባባል ጀመር።

ለፍትሐቱ የመጡት ቄስ አዲስ ተዛውረው የመጡ ነበሩ፣ ቤተሰቡን አያውቁትም። ጸሎተ ፍትሐት ደግሞ ያለ ክርስትና ስም አይደረስም፤ በግድግዳ ስም ነፍስ አትፈታም። ወደ እናቴ ጎንበስ ብለው "የክርስትና ስሙ ማነው ልጄ?" አሏት።

እናቴ ቀና አለች። ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ፤ በዚህ ስም ከሷ የቀደመ የለም። እሷ ግን አገጯን ወደ አባቴ አመለከተች።

"አባቱ ይንገርዎ" አለች።

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ በሊቀ መንበሩና በቢሮ ጓደኞቹ መካከል ነበር የተቀመጠው። እነሱን አየ። ጥፍሩን አየ። በዓይኔ እየወጋሁት ነበር፣ አልደብቅም፤ አሁንም ዝም ካለ ተነሥቼ አንቀዋለሁ ብዬ ነበር። ቄሱ "ጌታዬ?" አሉት።

"ዮሐንስ" አለ አባቴ። "ስሙ ዮሐንስ ነው።"

ከዚያ በፊት ይህን ስም ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ቄሱ ወልደ የምትለውን ራሳቸው ጨምረው ስሙን በግዕዙ ውስጥ አስገቡና ጸሎቱን ቀጠሉ። ሊቀ መንበሩ ጫማውን ያይ ነበር። አባቴን በመናገሩ ማንም አልከሰሰው፣ ማንም አልጠየቀው፤ ከዚያ በኋላም አንድም ነገር አልደረሰበትም። ዋጋው ይኸው ነበር። ያን እሁድ በምሳውም ጊዜ ዋጋው ይኸው ይሆን ነበር።

አንደበቱ ከተፈታ ወዲያ የሚይዘው ጠፋ። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ዮሐንስ እንዲህ ይል ነበር፣ ዮሐንስ እንዲያ ያደርግ ነበር ይላል። የሥላሴን ሥዕል ከጓዳ አውጥቶ ጢማሞቹ የነበሩበት ምስማር ላይ ሰቀለ። ድንኳኑ የፈረሰ ዕለት፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እናቴ ሸሚዙን እያጠፈች ሳለ አጠገቧ መጥቶ ተቀመጠ። እኔ ወንበር እያነሣሁ ነበር። ሊያጽናናት ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ በቀስታ፣ እሷ ትጠራው በነበረበት ድምፅ "ዮሐንስዬ" አለ።

እናቴ ሸሚዙን ማጠፉን አላቆመችም።

"እኔ በሚሰማበት ጊዜ ጠርቼዋለሁ" አለችው። "ከእንግዲህ አንተ ጥራው። አቤት ካለህ ትነግረኛለህ።"